አንደበትን ሳያስገድዱ፤ ስለ መንተባተብና ስለ ድምፅ ጤና

መንተባተብ ተናጋሪው ሊለው የፈለገውን ቃል ጠንቅቆ እያወቀ፣ ቃሉን ከአፉ ለማውጣት በሚሞክርበት ቅጽበት የንግግሩ ፍሰት ከፈቃዱ ውጭ የሚቋረጥበት ሁኔታ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች፣ ማለትም የንግግርን፣ የድምፅንና የመዋጥን ችግር መርምረው በልምምድና በምክር የሚያክሙ ባለሙያዎች፣ ይህ መቋረጥ በሦስት መልክ እንደሚገለጥ ያስረዳሉ። አንዱ የቃልን መነሻ ደጋግሞ ማለት ነው፤ «መ-መ-መ-መጽሐፍ» እንደሚለው ልጅ። ሌላው አንዱን ድምፅ ያለ ልክ መጎተት ነው፤ «ስስስስሰላም» እንደማለት። ሦስተኛው ለሰሚው እምብዛም የማይታወቅ፣ ለተናጋሪው ግን ከሁሉ የሚከብድ መታገድ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ከንፈርና ምላስ ቦታቸውን ይዘው፣ ሳንባም አየር ሞልቶ ሳለ ድምፅ ጨርሶ አይወጣም። ሰው ሁሉ በንግግሩ መካከል «እ…» ማለቱ፣ «ማለቴ» እያለ ራሱን ማረሙ፣ ቃል ሲጠፋበትም «እንትን» ማለቱ የተለመደ ስለሆነ መንተባተብ አይባልም፤ የሚንተባተበው ሰው ቃሉ አልጠፋበትም፣ ቃሉ እያለው ማውጣቱ ነው የተሳነው።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ልጆች ቃላትን እየገጣጠሙ ዐረፍተ ነገር መመሥረት በሚለማመዱበት፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። ከ100 ልጆች 5 ያህሉ፣ አንዳንድ ጥናቶች እንደሚያሳዩትም ከዚያ የሚበልጡት፣ በሆነ ወቅት ይንተባተባሉ፤ ከእነዚህም ከአራቱ ሦስቱን ገደማ እያደር ይተዋቸዋል። በአዋቂዎች ዘንድ የሚቀረው 1 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ይህ መጠን በየአገሩና በየቋንቋው ብዙም አይለያይም። በልጅነት የሚንተባተቡት ወንዶች ከሴቶቹ በእጥፍ ገደማ ይበልጣሉ፤ ሴቶቹ ቶሎ የመዳን ዕድላቸው ሰፊ በመሆኑም ወደ አዋቂነት ሲደረስ ልዩነቱ ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። ሕዝቧ ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነችው ኢትዮጵያ ይህ ስሌት ቢሠራ የሚንተባተቡት ሰዎች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል ማለት ነው፤ በአገሪቱ ያሉት የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ግን ከዚህ ፍላጎት አንጻር እጅግ ጥቂት በመሆናቸው፣ ወላጅ፣ መምህርና ጎረቤት ስለ ጉዳዩ ትክክለኛ ዕውቀት መያዛቸው ከሌላው ዓለም ይልቅ እዚህ የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል።

ለብዙ ዘመናት የመንተባተብ ምክንያት ተደርጎ የተቆጠረው ምላስ ነበር። የፕሩሲያው ታዋቂ ቀዶ ሐኪም ዮሐን ፍሪድሪኽ ዲፈንባኽ እ.ኤ.አ. በ1841 የሚንተባተቡ ሰዎችን ምላስ ሥር እየቆረጠ ለማዳን ሞክሯል፤ ማደንዘዣ ገና ባልተለመደበት በዚያ ዘመን ቁስሉና ደም መፍሰሱ ብዙዎችን ያሠቃየው ይህ ሙከራ ያስገኘው ፈውስ ስላልነበረ ብዙም ሳይቆይ ተትቷል። በኢትዮጵያም የልጅ አንደበት ወይም ጉሮሮ ችግር ያለበት ሲመስል የምላስን ሥር መቁረጥን ወይም እንጥል ማስቆረጥን መፍትሔ አድርጎ የሚያይ ሰው አሁንም አለ። እንጥል ከመንተባተብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ በልማዳዊ መሣሪያ መቁረጡም ለደም መፍሰስና ለመመረዝ የሚያጋልጥ በመሆኑ፣ ይህን በማድረግ ልጅን ለአደጋ ማቅረብ በምንም ምክንያት የሚደገፍ አይደለም። ልጁ ስለ ደነገጠ፣ ሌላ ተንተባታቢን ስለ ቀዳ ወይም ሰይጣን ስለ ለከፈው ተንተባተበ የሚለው ግምትም እንዲሁ ማስረጃ የለውም። በድንጋጤ ቀን የተጀመረ የመሰለው መንተባተብ ብዙ ጊዜ በዚያው ዕድሜ ያለ ድንጋጤም ሊጀምር የነበረ ነው።

በአሁኑ ወቅት ሊቃውንት በአብዛኛው የሚስማሙበት ማብራሪያ መንተባተብ ከአእምሮ አሠራር ጋር የተያያዘና ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወረስ መሆኑን ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ መታየቱ፣ በሁሉ ነገር ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ሲንተባተብ ሌላውም የመንተባተብ ዕድሉ ከሌሎች መንትዮች የሚበልጥ መሆኑ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው ዴኒስ ድሬይናና የሥራ ባልደረቦቹ፣ ብዙ ተንተባታቢዎች ያሉባቸውን የፓኪስታን ቤተሰቦች በመመርመር ጀምረው፣ በአንዳንድ ተንተባታቢዎች ላይ ለውጥ የሚታይባቸውን ሦስት ዘረ መሎች ይፋ አደረጉ። የሚያስደንቀው እነዚህ ዘረ መሎች የሚያገለግሉት ሕዋስ በውስጡ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ፈጭቶ በሚያስወግድበት ሥራ መሆኑ ነው፤ ይህ ሥራ ከንግግር ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ገና በምርምር ላይ ያለ ጥያቄ ሲሆን፣ የተገኙት ለውጦችም የሚያስረዱት የመንተባተብን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። የአእምሮ ምስል ጥናቶች በበኩላቸው በሚንተባተቡ ሰዎች ግራ የአእምሮ ክፍል ውስጥ የንግግርን ዕቅድ ከጡንቻዎች እንቅስቃሴ ጋር የሚያገናኙት የነርቭ መስመሮች አሠራር ከሌላው ሰው የተለየ መሆኑን ያሳያሉ። ስለዚህ መንተባተብ የአስተዋይነት ማነስ፣ የፍርሃት ወይም የአስተዳደግ ጉድለት ምልክት አይደለም፤ ፍርሃት መንተባተብን ያባብሰዋል እንጂ አይፈጥረውም።

ይህን ልዩነት አለመረዳት ያስከተለው ጥፋት በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ በጉልህ ተመዝግቧል። በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረውና እሱ ራሱም ይንተባተብ የነበረው ዌንዴል ጆንሰን፣ መንተባተብ የሚወለደው ወላጆች የልጅን ተራ መሰናከል እንደ በሽታ ቆጥረው መጨነቅ ሲጀምሩ ነው የሚል አስተሳሰብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1939 በእርሱ አማካሪነት ሜሪ ቱዶር የተባለች ተመራማሪ ተማሪ በዳቨንፖርት ከተማ በሚገኝ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ 22 ልጆችን መርጣ ሙከራ አካሄደች፤ ከመካከላቸውም አንደበታቸው የተስተካከለ 6 ልጆች መንተባተብ እንደ ጀመሩ፣ ሳይሳሳቱ መናገር ካልቻሉም ባይናገሩ እንደሚሻላቸው ተነገራቸው። ልጆቹ ተንተባታቢዎች አልሆኑም። ነገር ግን ብዙዎቹ መናገር እየፈሩ፣ በክፍል ውስጥ መልስ መስጠትን እየሸሹ፣ ዝምታን እየመረጡ ሄዱ፤ አንዳንዶቹም ያ ጭንቀት እስከ እርጅናቸው አብሯቸው እንደኖረ ተናግረዋል። ሙከራው ለአሥርት ዓመታት ተሸፍኖ ከቆየ በኋላ በጋዜጣ ሲጋለጥ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2001 ይቅርታ ጠየቀ፣ የአይዋ ግዛትም በ2007 ለተጎጂዎቹ ካሳ ለመክፈል ተስማማ። በእነዚያ ልጆች ላይ የተፈጸመው በደል ሊረሳ የማይገባው ነው፤ ከእርሱ የሚወሰደው ዕውቀትም ግልጽ ነው። ነቀፌታና ማስፈራራት መንተባተብን ባይፈጥሩም፣ የመናገርን ፍላጎት ግን ይገድላሉ። በየቤቱ «ቀስ በል!»፣ «ትንፋሽህን ሳብ!»፣ «እንደገና በደንብ በለው!» የሚባለው ልጅ የሚማረው ንግግሩ ለሌሎች አሳፋሪ መሆኑን ነው።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? በቅድሚያ የሚመከረው ልጁን ከማረም ይልቅ ራስን ማረም ነው። ወላጁ የራሱን ንግግር ሲያዘገይ፣ ልጁ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላም መልስ ከመስጠቱ በፊት ጥቂት ሲያርፍ፣ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ከመደርደር ሲቆጠብና ዓይኑን ከልጁ ፊት ሳይነቅል ሐሳቡን እንጂ አንደበቱን ሳይከታተል ሲያዳምጥ፣ ልጁን የሚያጣድፈው ነገር ይቀንሳል። ብዙ ሰው በሚኖርበት ቤት፣ ታላላቆች በሚሽቀዳደሙበት ማዕድ ላይ፣ ትንሹ ልጅ ተራ የሚያገኘው ሰው ሲያስብለት ብቻ ነው፤ እናት ወይም አባት በቀን ለጥቂት ደቂቃ ከእርሱ ጋር ብቻ ተቀምጠው እርሱ በመረጠው ጨዋታ እርሱ እንዲመራ ቢያደርጉ ከብዙ ተግሣጽ የሚሻል እገዛ ይሆንለታል። በለንደን የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው የማይክል ፔሊን ማዕከል፣ አባቱ ይንተባተብ በነበረው ተዋናይ ስም የተሰየመ ሲሆን፣ የትንንሽ ልጆችን ሕክምና የገነባው በዚህ ዓይነት የወላጅና የልጅ ግንኙነት ላይ ነው።

ሌላው አካሄድ በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ ሊድኮምብ በተባለ ሰፈር የተቀረጸና በሰፈሩ ስም የሚጠራ ነው። በዚህ ዘዴ ባለሙያው ወላጁን ያሠለጥናል፤ ወላጁም በየቀኑ ለአጭር ጊዜ ከልጁ ጋር እየተጫወተ፣ ልጁ ሳይሰናከል ሲናገር በቅንነት ያሞግሰዋል፤ አልፎ አልፎም መሰናከሉን ያለ ወቀሳ በለስላሳ ቃል ይጠቅሳል፤ የቀኑንም ሁኔታ በቁጥር መዝግቦ በየሳምንቱ ለባለሙያው ያቀርባል። ይህ ከጆንሰን አስተሳሰብ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ ምክንያቱም ስለ መንተባተብ መናገር ራሱ ጎጂ እንዳልሆነ፣ የሚጎዳው የሚነገርበት መንፈስ መሆኑን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት የሊድኮምብን ዘዴ ልጁን የሚያስጨንቁ ነገሮችን ከመቀነስ አካሄድ ጋር አነጻጽሮ ከ18 ወራት በኋላ ውጤታቸው የተቀራረበ ሆኖ አግኝቶታል። ወላጅ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ያለበት መንተባተቡ ከ6 ወር እስከ 12 ወር ሲዘልቅ፣ በቤተሰብ ውስጥ የቆየ መንተባተብ ሲኖር፣ ወይም ልጁ ሲናገር ፊቱን እያጨማደደ፣ ዓይኑን እየጨፈነና እግሩን እየመታ መታገል ሲጀምር ነው። አዋቂ ሰው በድንገት መንተባተብ ከጀመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የአእምሮ ደም ዝውውር ችግር ወይም ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በስቶክሆልም አካባቢ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ መታወቅ ይኖርበታል። ልጁ ሲንተባተብ «ሁለት ቋንቋ ስላቀላቀለበት ነው» ተብሎ አማርኛን በቤት እንዲተዉ የሚመከሩበት ጊዜ አለ። ሁለት ቋንቋ መናገር መንተባተብን እንደሚፈጥር የሚያረጋግጥ ማስረጃ ግን የለም። ሁለት ቋንቋ የሚማር ልጅ ቃል ሲፈልግ የሚያሳየው ማመንታትም አንዳንድ ጊዜ በስሕተት መንተባተብ ተብሎ ይመዘገባል። ልጁን ከአያቱና ከቤቱ ቋንቋ ማራቅ የሚያስከትለው ጉዳት የተረጋገጠ፣ የሚያስገኘው ጥቅም ግን ያልተረጋገጠ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ምክር ሳይጠይቁ መቀበል አይገባም።

መንተባተቡ ከልጅነት አልፎ ሲቀጥል ከአንደበት ይልቅ በውስጥ ያለው ጭንቀት ይሰፋል። የሚንተባተበው ሰው የሚያግዱትን ቃላት አስቀድሞ እያሸተተ በሌላ ይተካቸዋል፤ «ቡና» ማለት ሲከብደው «ሻይ» ብሎ ያዝዛል፤ በታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ተስኖት መውረጃውን አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ ስልክ ሲደወል ሌላ ሰው እንዲያነሣ ይጠብቃል። በሌላ ቃል የማይተካው ግን የገዛ ስሙ ነው፤ በክፍል ስም ሲጠራና በአዲስ ሰዎች ፊት «ማን እንበል?» ሲባል መታገዱ የሚበረታውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሰሚው የሚያየው ትንሽ መሰናከል ይሆናል፤ ተናጋሪው ግን ያንን ለመደበቅ ቀኑን ሙሉ ሲያቅድ ይውላል። በዚህም ምክንያት አንድ ሰው ምን ያህል እንደሚንተባተብ በጆሮ ብቻ መመዘን አይቻልም።

ይህን የተደበቀ ሸክም ለሕክምና መነሻ ያደረገው ቻርለስ ቫን ራይፐር (1905–1994) ነው። እርሱም በወጣትነቱ ክፉኛ ይንተባተብ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1936 በሚሺጋን ግዛት ካላማዙ ከተማ የንግግር ክሊኒክ መሠረተ። የቫን ራይፐር ትምህርት መንተባተብን ጨርሶ ከማጥፋት ይልቅ ሳይታገሉ በቀላሉ መንተባተብን ይመርጣል። ሠልጣኙ በመጀመሪያ ሲንተባተብ ምን እንደሚያደርግ፣ የት እንደሚጨብጥና ምን እንደሚገፋ በመስታወት ፊት ይመረምራል። ከዚያም ሆን ብሎ በሰው ፊት እየተንተባተበ የሚፈራውን ነገር ፊት ለፊት ይለማመደዋል፤ ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ቢመስልም፣ ሊደበቅ የማያስፈልገው ነገር የማስጨነቅ ኃይሉን ስለሚያጣ ውጤቱ ጥልቅ ነው። ቀጥሎም ሦስት መላዎች ይማራል። ቃሉ ተንተባትቦ ከወጣ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ብሎ ያንኑ ቃል ረጋ አድርጎ ይደግመዋል፤ ይህን ሲለምድ ደግሞ በመታገዱ መካከል ሳለ ግፊቱን አላልቶ ቃሉን በዝግታ ወደ ፊት ያሳልፈዋል፤ በመጨረሻም የሚያግደውን ቃል ከመጀመሩ በፊት ከንፈሩንና ምላሱን አላልቶ ይገባበታል። ቅደም ተከተሉ ከኋላ ወደ ፊት መሆኑ በምክንያት ነው፤ ያለፈውን ማረም የሚመጣውን ከማሰናዳት ይቀላልና።

ከዚህ የሚለየው ሁለተኛው የሕክምና ዘርፍ የአነጋገርን ሁኔታ ከሥሩ የሚቀይር ነው። ሠልጣኙ አናባቢዎችን እያስረዘመ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ እየጀመረ፣ ቃላትን እያያያዘ በጣም ቀስ ብሎ መናገርን ይለማመዳል፤ ከዚያም ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ወደ ተፈጥሯዊው ያቀርባል። በክሊኒክ ውስጥ ውጤቱ ፈጣን ሲሆን፣ ከክሊኒክ ውጭ በገበያና በመሥሪያ ቤት እንዲዘልቅ ማድረግ ግን ረጅም ልምምድ ይጠይቃል። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ሁለቱን አጣምረው ይሠራሉ፤ መድኃኒትን በተመለከተም ለመንተባተብ ፈውስነቱ የተረጋገጠ ክኒን እስካሁን የለም።

እጅግ አስደናቂ ከሆኑት እውነታዎች አንዱ የሚንተባተብ ሰው ሲዘምርና ከሌሎች ጋር በአንድነት ሲያነብ መንተባተቡ የሚጠፋ ወይም እጅግ የሚቀንስ መሆኑ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደልና ዳዊት በኅብረት በዜማ ሲባል፣ ብቻውን ሲጠየቅ የሚታገደው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ያለ ችግር የሚያነበው በዚህ ምክንያት ነው። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት በዜማና በኅብረት ንባብ ጊዜ የእያንዳንዱ ድምፅ መነሻ ሰዓት ከውጭ ስለሚሰጥ፣ አእምሮ በራሱ ለመወሰን የሚቸገርበት ሥራ ይቃለልለታል። ይህ ለመምህራን የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው፤ በክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ ሲያስፈልግ ልጁን ከሌላ ተማሪ ጋር ጥንድ ሆኖ እንዲያነብ ማድረግ ከመዝለልም ከማስገደድም ይሻላል። ልጁ በየትኛው መንገድ መሳተፍ እንደሚመርጥ ለብቻው ቀስ ብሎ መጠየቅ፣ የሚሣለቁ ተማሪዎችንም ያለ ማመንታት ማስቆም የመምህሩ ድርሻ ነው። ሌላው ሰሚም ቢሆን ከእርሱ የሚጠበቀው ጥቂት ነው፤ ቃሉን ነጥቆ አለመጨረስ፣ በትዕግሥት መጠበቅና ለተነገረው ሐሳብ መልስ መስጠት። በርኅራኄ ብሎ ቃል የሚያቀብል ሰው ሳያውቅ ተናጋሪውን እንዲጣደፍ ያደርገዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚያቀብለው ቃል የተፈለገው አይደለም።

በመንተባተብ ሕክምና ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው ሕግ፣ ማለትም መግፋት ችግሩን ማባባሱ፣ በድምፅ ጤናም ውስጥ ይሠራል። ድምፅ የሚፈጠረው በአንገት ፊት ለፊት በሚዳሰሰው ማንቁርት ውስጥ ባሉ ሁለት ለስላሳ እጥፋቶች ነው፤ እነዚህ የድምፅ አውታር የሚባሉት እጥፋቶች ከሳንባ የሚመጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ እየተጋጩ ይርገበገባሉ። የአዋቂ ወንድ የድምፅ አውታሮች በንግግር ጊዜ በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ገደማ ይገናኛሉ፤ የልጆች ከዚህም ይበልጣል። አንዲት መምህርት በአንድ የትምህርት ቀን ውስጥ እነዚህን ስስ ሥጋዎች የምታጋጫቸው መቶ ሺዎች ጊዜ መሆኑን ማሰብ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። ከአቅም በላይ በጩኸት ሲጋጩ በመጀመሪያ ያብጣሉ፤ ጩኸቱ ለወራት ሲቀጥል ደግሞ እርፍ የሚጨብጥ የገበሬ መዳፍ እንደሚጠነክር ሁሉ በሚነካኩበት ቦታ ትንንሽ የጠጠሩ እብጠቶች ይወጡባቸዋል። ባለሙያዎች ኖድዩል የሚሏቸው እነዚህ እብጠቶች አውታሮቹ በደንብ እንዳይገጥሙ ስለሚያደርጉ ድምፁ ይጎረንናል፣ ይሻክራል፣ ከፍ ያለውን ዜማም ማውጣት ይሳነዋል።

ሰው በሚንጫጫ ቦታ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባር ይህን እ.ኤ.አ. በ1911 ስለ መዘገበ ክስተቱ በስሙ ይጠራል። ብዙ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን፣ በመናኸሪያ የሚጠሩ የታክሲ ረዳቶች፣ በገበያ የሚያስተዋውቁ ነጋዴዎችና ሰባኪዎች ለዚህ ጉዳት ቅርብ ናቸው። በአሜሪካ በአይዋና በዩታ ግዛቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ በጥናቱ ወቅት የድምፅ ችግር የነበረባቸው መምህራን 11 በመቶ፣ ሌሎች ሰዎች ደግሞ 6.2 በመቶ መሆናቸውን፣ በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ እንኳ የታመሙት ደግሞ 57.7 በመቶ እና 28.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። መምህሩ ድምፁን ከማሳደግ ይልቅ በጭብጨባ ወይም እጅ በማንሣት ጸጥታ ቢያስከብር፣ ወደ ኋላ ወንበር ተጠግቶ ቢናገር፣ በሰሌዳ ላይ እየጻፈ ጀርባውን ሰጥቶ ባይጮህ፣ ተማሪዎች ጽሑፍ ሲሠሩም ድምፁን ቢያሳርፍ ከጉዳቱ ብዙውን ያስቀራል።

ድምፅ የተዘጋበት ሰው ብዙ ጊዜ ማንሾካሾክን እንደ ዕረፍት ይቆጥረዋል። በኃይል ማንሾካሾክ ግን ማንቁርቱን የሚያወጥር ስለሆነ ዕረፍት አይሰጥም፤ ዝም ማለት ወይም በቅርብ ላለ ሰው በለስላሳ ተፈጥሯዊ ድምፅ መናገር ይሻላል። ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግም አውታሮቹን በኃይል ስለሚያጋጭ፣ በምትኩ ምራቅ መዋጥ ወይም ውኃ መጎንጨት ይመከራል። ውኃን በተመለከተ አንድ የተለመደ ግምት መታረም አለበት፤ የሚጠጣ ነገር ሁሉ የሚሄደው በምግብ ቧንቧ ስለሆነ፣ በመዋጥ ጊዜም ማንቁርት ስለሚዘጋ፣ ማርም ሆነ ዝንጅብል ወይም ትኩስ ሻይ የድምፅ አውታሮችን አይነካቸውም። ጉሮሮን ስለሚያለሰልሱ ይጠቅማሉ፤ አውታሮቹን የሚያረጥበው ግን በደም በኩል የሚደርሰው ውኃ ስለሆነ፣ መጠጣት ያለበት ቀኑን ሙሉ በየጊዜው እንጂ ድምፁ ከደረቀ በኋላ አይደለም። በቀጥታ የሚደርሳቸው የሚተነፈሰው አየር ብቻ ነው፤ እንፋሎት መታጠን የሚያስታግሰው፣ ሲጋራ፣ የከሰልና የማገዶ ጢስ፣ የበርበሬ ቁሌት ሽታ የሚጎዳውም በዚህ መንገድ ነው። ጫት አፍንና ጉሮሮን ያደርቃል። ምሽት ላይ ቅባትና በርበሬ የበዛበትን ምግብ ጠግቦ ወዲያው መተኛት የሆድ አሲድ እስከ ማንቁርት እንዲወጣ ስለሚያደርግ፣ ጠዋት ጠዋት ድምፁ የሚጎረንንበት ሰው ከእራቱ በኋላ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሳይተኛ ቢቆይ ለውጥ ያያል።

ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው የሚያድሩ ካህናትና መዘምራን ጉዳያቸው ከሌላው ይለያል፤ ቅዳሴው እስኪያበቃ ውኃ አይቀምሱምና፣ ድምፃቸው እጅግ በሚደክምበት ሰዓት ሰውነታቸው ደርቆ ይገኛል። በረመዳን ጾም ላይ ሆነው አዛን የሚያደርጉ ሙአዚኖችም እንዲሁ ናቸው። ጾሙን ሳይነኩ ሊደረግ የሚችለው ከጾሙ ሰዓት በፊት ባሉት ሰዓታት ውኃውን ማብዛት፣ ከፍ ያለውን ዜማ ከመጀመር በፊት በዝቅተኛ ድምፅ ማሟሟቅ፣ ተራ በተራ መቀባበል በሚፈቀድበት ቦታም አንዱ ሲያዜም ሌላው በእውነት ማረፍ ነው። ለድምፅ ባልተመቸ አዳራሽ ማጉያ ካለ በማጉያው መጠቀም የድምፅን ክብር አይቀንስም።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ልምምድ አለ፤ በቀጭን ስትሮ ውስጥ አየሩን እያወጡ በዝቅተኛ ድምፅ «ኡ» እያሉ ድምፁን ቀስ በቀስ ከፍና ዝቅ ማድረግ። የስትሮው ጠባብ ቀዳዳ ከአፍ ወደ ማንቁርት የሚመለስ ጫና ስለሚፈጥር አውታሮቹ በኃይል ሳይጋጩ እንዲርገበገቡ ያግዛቸዋል፤ የስትሮውን ጫፍ ከስኒ ውኃ ውስጥ ጥቂት ነክሮ አረፋ እያስነሡ መለማመድም ይቻላል። ከማስተማር ወይም ከመዘመር በፊትና በኋላ ለጥቂት ደቂቃ መሥራቱ ይበቃል። በልምምዱ ጊዜ ሕመም ወይም መወጠር ከተሰማ ግን ማቆም ያስፈልጋል፤ ድምፅ ከጩኸት በኋላ በድንገት ከተቆረጠ ደግሞ የአውታር ደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም እስኪያየው ፈጽሞ ዝም ማለት ይገባል። በጉንፋን የተጎረነነ ድምፅ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ መጎርነን፣ በተለይም በሚያጨስ ሰው ላይ ሲታይ፣ ወይም ደም ካለበት አክታ፣ ከመዋጥ ችግር፣ ከአንገት እብጠት ወይም ከትንፋሽ መጥበብ ጋር ሲመጣ፣ የአንገት በላይ ሐኪም በማንቁርት ማያ መሣሪያ አውታሮቹን እንዲመለከት ያስፈልጋል፤ ከዚህ ምርመራ በፊት የድምፅ ልምምድ መጀመር የማንቁርት ካንሰርን የመሰለ ሕመም በጊዜ እንዳይታወቅ ሊያደርግ ይችላል።